ሐኪም ወርቅነህ እና የእኛ እንግሊዝኛ

በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አንዱ እጩ መምህር «እስኩል» ብሎ ሲያነብ ከኋላ ወንበር ሳቅ ይሰማል። የተሳቀበትም በማግስቱ አፉን አይከፍትም። የሐኪም ወርቅነህ እሸቴን ታሪክ ብናውቅ ኖሮ ባልሳቅን ነበር።

ወርቅነህ የተወለዱት ጎንደር ነው። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር እዚሁ ወሎ፣ መቅደላ ላይ ድል ሲያደርግ ገና ሕፃን ነበሩ። አንድ መኮንን ወደ ሕንድ ወሰዳቸው። እዚያም ቻርልስ ማርቲን ተባሉ፤ አማርኛቸውም ጨርሶ ጠፋ። ላሆር ሕክምና ተማሩ፤ ስኮትላንድ ሄደው ትምህርታቸውን አዳበሩ፤ በርማም ሠሩ።

ከዓድዋ ድል በኋላ ላገራቸው ሲበቁ አያታቸው በገላቸው ጠባሳ ለዩአቸው። ቋንቋው ግን የለም! ጎልማሳው ሐኪም አማርኛን እንደ አዲስ ተማሩ። ተምረውም አልቀሩ፤ በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት መሩ፤ የጂኦግራፊ መጽሐፍም በአማርኛ ጻፉ። በ1927 ዓ.ም. ደግሞ በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆኑ። ፋሺስት ኢጣሊያ ስትወረን በዚያው ከሕንድ ባመጡት እንግሊዝኛ ስለ አገራቸው ተሟገቱ። በ1945 ዓ.ም. አረፉ።

እንግሊዝኛ በባለቤቶቹም አገር አንድ ዓይነት አይደለም። የስኮትላንዱ ሰው «ር»ን አጥርቶ ሲያሰማ፣ የለንደኑ በቃል መጨረሻ ይውጣታል። እኛ ደግሞ «እ»ን እናስቀድማለን። መታረሙስ ይታረም፤ ትምህርት ነውና። የሚሳቅበት ተማሪ ግን ዝም ይላል፤ ዝም ያለን ደግሞ ማንም አያርመውም። ነገ ሕፃናት ፊት የምንቆም እኛ ይህን ዛሬ እንልመድ።