ኢቫን ፓቭሎቭና ማሰሪያን እምቢ ያለው ውሻ

በምሥራቅ ጎጃም፣ በቢቸናም ሆነ በሞጣ ዙሪያ፣ ውሻ የቤትና የበረት ጠባቂ ነው እንጂ በገመድ ተይዞ ከጌታው ጋር የሚንሸራሸር እንስሳ አይደለም። በአንዱ ቤት ቀን ታስሮ ውሎ ሌሊት ይፈታል፤ በሌላው ቤት ከነጭራሹ ሳይታሰር ያድጋል። ስለዚህም ብዙ ቡችላ ከገመድ ጋር የሚተዋወቀው በክትባት ቀን ነው። አንዱ ልጅ ከፊት እየጎተተ፣ ሌላው ከኋላ እየገፋ፣ እየጮኸና እየተንፈራገጠ ሕዝብ ከተሰበሰበበት ሜዳ ይደርሳል፤ በዚያም መርፌ ይጠብቀዋል። በሚቀጥለው ዓመት ያው ውሻ ገመዱን ከሩቅ ሲያይ ይሸሻል፤ መሸሻ ሲያጣም ይናከሳል። ይህ ለሙያ ባልደረቦቻችን አዲስ ነገር አይደለም። ምክንያቱን በሚገባ ለመረዳት ግን የአንድን ታላቅ ሊቅ ሕይወት መለስ ብሎ መመልከት ይጠቅማል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኢቫን ፔትሮቪች ፓቭሎቭ ሴፕቴምበር 26 ቀን 1849 ሪያዛን በምትባል የሩሲያ ከተማ ተወለደ። አባቱ ካህን ነበሩ። ልጁም የአባቱን ፈለግ ይከተላል ተብሎ ወደ መንፈሳዊ ትምህርት ቤት ተላከ። በዲማ ጊዮርጊስ ወይም በደብረ ወርቅ ጥላ ሥር ላደገ የካህን ልጅ ይህ አጀማመር እንግዳ አይሆንበትም። ልዩነቱ የእኛ ቆሎ ተማሪ ቁራሽ ፍለጋ ከደጅ ደጅ ሲዞር ውሻን የሚያውቀው በጠላትነት መሆኑ ነው። ዱላውን ከእጁ የማይለየውም በዚሁ ምክንያት ነው። ፓቭሎቭ ግን ዕድሜውን የጨረሰው ከውሾች ጋር ነው።

ወጣቱ ሴሚናሪ ሳለ ሴቼኖቭ የተባለው ሩሲያዊ የፊዚዮሎጂ ሊቅ ስለ አንጎል ሥራ በ1863 ያሳተመውን ጽሑፍ አነበበ፤ ልቡም ወደ ሳይንስ አዘነበለ። በ1870 የክህነቱን መንገድ ትቶ ሴንት ፒተርስበርግ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ከዚያም ሕክምና ተምሮ በ1883 የዶክተርነት ማዕርግ አገኘ። ከብዙ የችግር ዓመታት በኋላ በ1890 የወታደራዊ ሕክምና አካዳሚ ፕሮፌሰር ሆነ፤ በተከታዩ ዓመትም በሙከራ ሕክምና ተቋም የፊዚዮሎጂ ክፍልን እንዲመራ ተሾመ። እዚያም በውሾች ላይ ረቂቅ ቀዶ ጥገና እያደረገ፣ ቁስላቸው ከዳነ በኋላ፣ ምግብ በሕያው እንስሳ አካል ውስጥ እንዴት እንደሚፈጭ መረመረ። በ1904 የኖቤል ሽልማት ያገኘው በዚሁ ሥራው ሲሆን፣ ሽልማቱን በመቀበል ከሩሲያውያን የመጀመሪያው ነው። ለዚህ ዕውቀት ብዙ ውሾች በጤናቸውና በሕይወታቸው መክፈላቸው ግን ሊዘነጋ አይገባም።

ስሙ በዓለም የገነነው ከዚያ በኋላ ባደረገው ጥናት ነው። ውሾቹ ምግቡን ገና ሳይቀምሱ፣ የሚመግባቸውን ሰው ሲያዩ ወይም የእግሩን ኮቴ ሲሰሙ፣ ምራቃቸው መውረድ ይጀምራል። ውሻ በበላበት እንደሚጮኽ የጎጃም ገበሬ ከጥንት ጀምሮ ያውቃል፤ ፓቭሎቭ ግን ነገሩን ጠብታ በጠብታ ለካው። ትርጉም ያልነበረው ድምፅ ወይም ብርሃን ከምግብ ጋር ደጋግሞ ሲገናኝ የምግብ ምልክት እንደሚሆን አሳየ። ከሕመም ጋር ሲገናኝ ደግሞ ያው ነገር የሕመም ምልክት ይሆናል።

በ1917 ከረዳቱ ከጉበርግሪትስ ጋር ያቀረበው ጥናት ለርእሳችን ዋነኛው ነው። ጥናቱ ስለ አንድ ገራምና ሰው ወዳድ ውሻ የሚናገር ነው። ይህ ውሻ በሙከራው መቆሚያ ላይ ወጥቶ ማሰሪያ በታሰረለት ቁጥር ዕረፍት ያጣል፤ ይታገላል፤ ምራቁም ያለማቋረጥ ይወርዳል። ሌሎች ውሾች ቶሎ የለመዱትን እርሱ እምቢ አለ። ፓቭሎቭ ይህን እንደ ግትርነት አልቆጠረውም፤ ከተፈጥሮ የመጣ የነጻነት ስሜት አድርጎ ተረጎመው እንጂ። መድኃኒቱንም በምግብ ፈለገው። ውሻው የዕለት ቀለቡን በመቆሚያው ላይ ብቻ እንዲያገኝ ተደረገ። መጀመሪያ ጥቂት ብቻ እየቀመሰ ከሳ፤ ቀስ በቀስ ግን መብላት ጀመረ፤ በመጨረሻም ተረጋጋ። ይህ ወራት የጠየቀ ሥራ ነበር። ዛሬ እንስሳን አስርቦ ማስለመድን ማንም አይመክርም፤ መሠረተ ሐሳቡ ግን እስከ ዛሬ ጸንቶ ይገኛል።

ፓቭሎቭ ስለ ፍርሃት ሌላ ትምህርት ያገኘው ከአደጋ ነው። በሴፕቴምበር 1924 ሌኒንግራድን ጎርፍ አጥለቀለቃት። በቤታቸው ተዘግተው የነበሩት ውሾች ሊሰምጡ ጥቂት ሲቀራቸው ዳኑ። ይሁን እንጂ አንዳንዶቹ ቀድሞ የለመዱትን ሁሉ አጡ። ከእነርሱ አንዱ ወደ ቀድሞው ሁኔታው መመለስ የጀመረው፣ የሚያውቀው ሰው በሙከራው ክፍል ውስጥ አብሮት ሲቀመጥ ነበር። ከዳነ በኋላም በበር ሥር የገባ ጥቂት ውሃ ፍርሃቱን መልሶ ቀሰቀሰበት። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ባልደረቦቹ፣ በጎጆ ተዘግተው ያደጉ ቡችላዎች በነጻነት ካደጉት ይልቅ ፈሪዎች እንደሚሆኑ አሳዩ። ስለዚህ ፈሪነት ሁልጊዜ ከዘር የሚወረስ አለመሆኑ ታወቀ።

በ1935 በሚሠራበት ተቋም ግቢ ለውሻ መታሰቢያ ሐውልት ቆመ። ፓቭሎቭም ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1936 በ86 ዓመቱ ዐረፈ።

ይህ ሕይወት ለቢቸናና ለሞጣ ምን ይሰጣል? የእብድ ውሻ በሽታን ለመግታት ከ100 ውሾች ቢያንስ 70ው መከተብ አለባቸው። ምልክቱ አንዴ ከታየበት ሕመምተኛ ደግሞ የሚተርፍ የለም ለማለት ይቻላል። የሚናከሱትንና የሚሸሹትን ትተን የምንመለስ ከሆነ ግን ወደዚህ ቁጥር መድረስ ያዳግታል። እንግዲህ ሥራው መጀመር ያለበት ከክትባቱ ቀን በፊት፣ በባለቤቱ ግቢ ውስጥ ነው። ቡችላ አዲስ ነገርን በቀላሉ የሚቀበለው በተለይ ከ3ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ባለው ዕድሜው ነው።

በዚህ ጊዜ ለስላሳ የአንገት ማሰሪያ ይደረግለት፤ ፍርፋሪው በቀረበለት ሰዓትም ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ይቆይ። ሲለምደው ቀላል ገመድ ይጨመርና ሰው እየተመለከተው መሬት ለመሬት ይጎትተው። ቀጥሎ ባለቤቱ ገመዱን ሳይስብ ይያዝ፤ ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ይጥራው፤ ሲመጣም ቁራሽ ይስጠው። ቡችላው ፈርቶ ቢቆም ገመዱ ይላላ እንጂ አይጎተት፤ መጎተት ገመዱን የሥቃይ ምልክት ያደርገዋልና። በመጨረሻ ከግቢ ውጭ፣ መጀመሪያ ጭር ባለ መንገድ፣ ቆይቶም ሰው በሚበዛበት ይወሰድ።

ይህን ለባለቤቱ ለማስረዳት የሚያስፈልገው ጥቂት ደቂቃና አንድ ቁራሽ እንጀራ ብቻ ነው። በሚቀጥለው የክትባት ቀን በልጅ እጅ በተያዘ ገመድ፣ ሳይጎተት፣ በራሱ እግር የሚመጣ ውሻ ቢገጥመን፣ የሪያዛኑ የካህን ልጅ ጥናት ከእኛ ሜዳ ደረሰ ማለት ነው።