ኅሩይ ወልደ ሥላሴና የጋራ ካታሎግ፦ ወጪውን ማን ይሸከም?

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ይበልጥ የሚታወቁት በደራሲነታቸውና በውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነታቸው ነው። ለቤተ መጻሕፍት ጥናት ግን ትልቁ ውለታቸው የመጻሕፍት ካታሎግ ማዘጋጀታቸው ነው።

ኅሩይ በ1870 ዓ.ም. በሸዋ፣ መርሐ ቤቴ ተወለዱ። በእንጦጦ ራጉኤል የቤተ ክህነት ትምህርት ተምረው ወደ መንግሥት አገልግሎት ገቡ። በ1903 ዓ.ም. ለንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ የዘውድ በዓል ለንደን ከተላከው ልዑክ ጋር ተጓዙ። በ1904 ዓ.ም. ደግሞ በኢትዮጵያ የሚገኙ የግእዝና የአማርኛ መጻሕፍትን የሚዘረዝር ካታሎግ አሳተሙ።

እንዲህ ያለ ዝርዝር የመጽሐፉን ባለቤትነት ሳይነካ መኖሩን ለሁሉም ያሳውቃል። ዛሬ በኅብረት የተደራጁ ቤተ መጻሕፍት የሚገለገሉበት የጋራ ካታሎግም በዚሁ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው። ይሁን እንጂ ዝርዝር ካልታደሰ ያረጃል። ኅሩይ ካታሎጋቸውን አስፋፍተው ያሳተሙት ከ16 ዓመት በኋላ፣ በ1920 ዓ.ም. ነበር። በእነዚያ ዓመታት የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤትን መርተዋል፤ በ1915 ዓ.ም. «ወዳጄ ልቤ»ን አሳትመዋል። ጎሐ ጽባሕ ማተሚያ ቤትንም አቋቁመዋል።

በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ወደ አዲስ አበባ ሲቃረብ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር፣ በአቃቂ በኩል በሚያልፈው ባቡር ወደ ጅቡቲ ተሰደዱ። መስከረም 9 ቀን 1931 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ አረፉ። ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የተከፈተው ከዚያ በኋላ፣ በ1936 ዓ.ም. ነው።

ካታሎጉ በአንድ ሰው ዕውቀትና ጊዜ ላይ የተመሠረተ ስለነበር፣ የእድሳቱ ዕድልም ከሰውየው ዕድል ጋር የተሳሰረ ሆነ። የአባልነት ክፍያ አስፈላጊነት የሚታየው እዚህ ላይ ነው፤ ክፍያው ከሁሉ አስቀድሞ ዝርዝሩን ያለማቋረጥ ለሚያድስ ባለሙያ የሚመደብ ወጪ ነው። ክፍያው ለሁሉም እኩል ቢሆን፣ በአቃቂ ቃሊቲ የሚገኝ አነስተኛ ኮሌጅ ብዙ ሺህ ተማሪዎች ካሉት ዩኒቨርሲቲ ጋር አንድ ዓይነት ሸክም ይሸከማል። በተማሪ ብዛት ብቻ ቢተመን ደግሞ ኅብረቱ በጥቂት ትልልቅ አባላት ላይ ይንጠለጠላል፤ አንዱ ቢወጣ የሁሉም አገልግሎት ይናጋል። ስለዚህ ሁሉም እኩል የሚከፍሉት ዝቅተኛ መነሻና እንደ አቅም የሚለያይ ተጨማሪ ድርሻ ቢጣመሩ የተሻለ ይሆናል። ኅሩይ ብቻቸውን የጀመሩት ሥራ ከአንድ ሰው ዕድሜ በላይ ሊዘልቅ የሚችለው ወጪው የብዙዎች ሲሆን ነው።