የራሱን ቤተ ክርስቲያን በጨረታ የገዛው ሰው

እስቲ አስቡት፤ መሬቱን የገዛችሁት እናንተ፣ ቤቱን ያቆማችሁት እናንተ፣ ግን አንድ ቀን ቤተ ክርስቲያናችሁ ለጨረታ ቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1815 ፊላደልፊያ ውስጥ ሪቻርድ አለን የገጠመው ይሄ ነው።

አለን በ1760 በባርነት ተወለደ። ጌታው ዕዳ ሲበዛበት እናቱንና ከወንድም እህቶቹ ሦስቱን ሸጣቸው። አለን በ17 ዓመቱ ገደማ ሜቶዲስት ሆነ፤ እንግሊዛዊው ጆን ዌስሊ የጀመረው የፕሮቴስታንት እምነት ነው። በኋላ ጌታውም ስብከት ሰምቶ ባርነት ኃጢአት ነው ብሎ አመነ። ግን በነፃ አልለቀቀውም፣ ራስህን ግዛ አለው እንጂ! አለን እንጨት ፈልጦ፣ ጡብ ፋብሪካ ሠርቶ፣ ጨው በጋሪ አመላልሶ ዋጋውን ከፈለ።

በ1786 ፊላደልፊያ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ በሚባለው የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን (ስሙ ለኛ እንግዳ አይደለም) ከሌሊቱ 11 ሰዓት እንዲሰብክ ተፈቀደለት። ጥቁሮች እየበዙ ሲመጡ ግን መቀመጫቸው ተለየ። አንድ እሁድ ጓደኛው አብሳሎም ጆንስ ተንበርክኮ ሲጸልይ ከጉልበቱ ሊያነሱት ጎተቱት። ጸሎቱ ሲያልቅ ጥቁሮቹ አንድ ላይ ወጥተው ሄዱ።

አለን ሜቶዲስትነቱን አልተወም። በገዛው መሬት ላይ አሮጌ የብረት ቀጥቃጭ ሱቅ በፈረስ አስጎትቶ አቆመና በ1794 ቤቴል ተብሎ ተመረቀ። ጫማ እየሠራ ነበር የሚኖረው።

ችግሩ ከወረቀት መጣ። በ1796 ጉባኤው በሕግ ሲመዘገብ ሰነዱን ያዘጋጀላቸው ነጭ የሜቶዲስት አገልጋይ ነበር፤ ንብረቱ በነጮቹ ኮንፈረንስ ስር እንዲሆን አድርጎ ጻፈው። እነ አለን አላስተዋሉም። ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ አንድ የነጮቹ ሽማግሌ ቁልፉንና መዝገቡን አምጡ ሲል ነው የነቁት። በ1807 ሰነዱን አሻሻሉ፤ ከምእመናኑ ሁለት ሦስተኛው ካልተስማማ ምንም አይወሰንም አሉ። ጭቅጭቁ ግን አላቆመም፣ እስከ ጨረታው ደረሰ። አለን 10,125 ዶላር ሰጥቶ አስቀረው። ለዛ ዘመን ይህ ብዙ ገንዘብ ነው፣ ያውም ለራሳቸው ቤት!

በዚያው ክረምት የቅዱስ ጊዮርጊስ ሰባኪ ቤቴል እሰብካለሁ ብሎ መጣ። ምእመናኑ አልተማቱም፣ አልተሳደቡም፤ መተላለፊያውን ሞልተው ቆሙ። መድረኩ ጋ መድረስ አልቻለም። ክስ ሄደ፣ በጥር 1816 የፔንስልቬንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለቤቴል ፈረደ። ከሦስት ወር በኋላ ከሌሎች ከተሞች ከመጡ ጥቁር ጉባኤዎች ጋር ሆነው የአፍሪካ ሜቶዲስት ኤጲስቆጶሳዊ ቤተ ክርስቲያንን መሠረቱ። አለን የመጀመሪያው ጳጳስ ሆነ።

በ1831 ሞተ። በዚያው መሬት ላይ ዛሬ ያለው ሕንፃ አራተኛው ነው፤ መቃብሩም እዛው ምድር ቤት ውስጥ ነው።