ኦዴሳ ብራውን ማን ነበሩ?

ሲያትል ላደግን ለብዙዎቻችን ኦዴሳ ብራውን የሰው ስም ሳይሆን የክሊኒክ ስም ነው። እናቶቻችን ነገ እዚያ ቀጠሮ አላችሁ ሲሉን ክትባቱና የጥርስ ሐኪሙ ወንበር ነበር የሚታየን። እኔም ነርሲንግ መማር እስክጀምር ድረስ ሴትየዋ ማን እንደነበሩ ጠይቄ አላውቅም።

ወይዘሮ ኦዴሳ እ.ኤ.አ. በ1920 በአርካንሳስ ግዛት፣ ዴስ አርክ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለዱ። ፈቃድ ያላቸው የፀጉርና የውበት ባለሙያ፣ የአራት ልጆች እናት ነበሩ። ሲያትል ከመምጣታቸው በፊት ለሕክምና ከሄዱበት ሆስፒታል ጥቁር በመሆናቸው ብቻ ሳይታከሙ ተመልሰዋል። ይህን አልረሱትም።

በ1963 ሲያትል ገቡ። በዚያን ጊዜ ጥቁሮች በፈለጉበት ሰፈር ቤት መግዛትም ሆነ መከራየት ስለማይችሉ አብዛኞቹ ሴንትራል ዲስትሪክት ውስጥ ይኖሩ ነበር። ኋላ ወገኖቻችን ምግብ ቤትና ሱቅ የከፈቱበት ያው ሰፈር ነው። በ1965 ሴንትራል ኤሪያ ሞቲቬሽን ፕሮግራም በተባለው ድርጅት የማኅበረሰብ አስተባባሪ ሆነው መሥራት ጀመሩ። ደጋግመው ያነሱት ጉዳይ አንድ ነበር፦ ለሰፈሩ ልጆች፣ እዚያው ሰፈር ውስጥ፣ ክሊኒክ ይከፈት።

ይህን ሁሉ ሲሠሩ እሳቸው ራሳቸው የደም ካንሰር ነበረባቸው። ሕመማቸውን ግን ለሰው አያወሩም ነበር። በጥቅምት 1969፣ በ49 ዓመታቸው ዐረፉ። ክሊኒኩ በፌዴራል መንግሥቱ የሞዴል ሲቲስ ፕሮግራም አማካይነት በ1970 ተከፈተና በስማቸው ተጠራ። የመጀመሪያዋ የሕክምና ኃላፊ የሕፃናት ሐኪሟ ዶክተር ብላንች ላቪዞ ነበሩ። ዛሬ ክሊኒኩ በሲያትል የሕፃናት ሆስፒታል ሥር ሆኖ ሕክምናንና የጥርስ እንክብካቤን አብሮ ይሰጣል። በ2022 ደግሞ ብዙ ሐበሻ በሚኖርበት በኦቴሎ አካባቢ ሁለተኛው ቅርንጫፍ ተከፍቷል።

ስለ እሳቸው ሳነብ የራሴ ጥርስ ትዝ አለኝ። በእኛ ቤት ጥርስ ሐኪም ጋ የሚኬደው ሲያም ብቻ ነበር። ስድስት ዓመቴ ላይ የበቀለው መንጋጋዬ ተቦርቡሮ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ተሞላ። ታናሽ ወንድሜ ግን ሳያመው በጊዜ ስለሄደ ሲላንት ተደረገለት፤ የእሱ መንጋጋ እስከ ዛሬ ደህና ነው።

ሲላንት የመንጋጋ ጥርስን ስንጥቆች የሚደፍን ስስ መሸፈኛ ነው። ጥርሱ ይጸዳል፤ ገጹን ትንሽ የሚያሻክር አሲድ ይቀባል፤ ታጥቦ ይደርቃል፤ ከዚያ ሲላንቱ ተቀብቶ ብዙውን ጊዜ በብርሃን ይጠነክራል። መርፌም መሰርሰሪያም የለውም። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እንደሚለው በኋለኞቹ ጥርሶች ላይ ከሚመጣው መቦርቦር 80 በመቶውን ለሁለት ዓመት ይከላከላል። ዶክተር ማይክል ቦኖኮር ከባልደረባቸው ጋር በሮቼስተር፣ ኒው ዮርክ የሠሩትን ጥናት ያሳተሙት በ1967 ነው፤ ወይዘሮ ኦዴሳ ስለ ክሊኒኩ በሚወተውቱበት ዘመን መሆኑ ነው። ሲላንት በየክሊኒኩ ሲለመድ ለማየት ግን አልታደሉም።

ቢሆንም ሲላንት የሚጠቅመው ልጁ ምንም ሳያመው ከመጣ ነው። ሳያመው የሚመጣው ደግሞ ክሊኒኩ ቅርብ ሲሆንና እናቱ በር ላይ በክብር ስትቀበል ነው። ወይዘሮ ኦዴሳ የለፉት ለዚህ ነበር። ከሆስፒታል በር የተመለሱት ሴት፣ ማንም ልጅ የማይመለስበት በር እንዲከፈት አደረጉ።

ታናናሾች ያላችሁ፣ የመጀመሪያዎቹ ቋሚ መንጋጋዎች ስድስት ዓመት አካባቢ፣ ሁለተኛዎቹ 12 ዓመት አካባቢ ይበቅላሉ። በቀጠሮው ቀን ስለ ሲላንት ጠይቁ። አፕል ሄልዝ ላላቸው ልጆች ይሸፍናል። ቀጠሮው ኦዴሳ ብራውን ከሆነ ደግሞ፣ ስሙ የማን እንደሆነ በመንገድ ላይ ንገሯቸው።