የወይዘሮ ኢዛቤላ ጋርድነር ቤትና ዝክር

በቦስተን ከተማ ታክሲ መንዳት ከጀመርን ወዲህ ወደ ኢዛቤላ ስቱዋርት ጋርድነር ሙዚየም ስንት መንገደኛ እንዳደረስን ቁጥሩን አናውቀውም። ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ ጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናትንና ይህን ቤት ሳያይ አይመለስም። እኛ ግን ሒሳባችንን ተቀብለን ከበር እንመለስ ነበር። አንድ ቀን ታክሲያችንን አቁመን ገባን። የባለቤቲቱን ታሪክ ለማኅበራችን አባላት ባጭሩ እናቀርባለን፤ ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ወይዘሮ ኢዛቤላ በ1840 በኒው ዮርክ ከባለጸጋ ቤተሰብ ተወለዱ። በ1860 የቦስተኑን ተወላጅ ጃክ ጋርድነርን አግብተው ወደዚህ ከተማ መጡ። በ1863 የወለዱት አንድ ልጃቸው ሁለት ዓመት ሳይሞላው በሳንባ ምች ሞተባቸው፤ ከዚያም ሌላ ልጅ አላገኙም። ሐዘኑ አልጋ ላይ ስለጣላቸው፣ ሐኪም አገር እንዲለውጡ መክሯቸው በ1867 ወደ አውሮፓ ተጓዙ። ወደ መርከቡ የገቡት በፍራሽ ላይ ተኝተው በሰው ሸክም እንደነበር ይነገራል። ጤናቸው ተመልሶ መጡ። በ1875ም የባላቸው ወንድም ሲሞቱ፣ የሙት ልጆቻቸውን ሦስቱንም ወስደው አሳደጉ።

አባታቸው በ1891 ሲያርፉ ባወረሷቸው ገንዘብ የቲሺያንን፣ የሬምብራንትንና የቬርሜርን ሥዕሎች ገዙ። ባላቸው በ1898 ሲሞቱ ደግሞ፣ ሁለቱ አብረው ያሰቡትን ሙዚየም ብቻቸውን አሠሩ። ቤቱ የቬኒስን ቤተ መንግሥቶች ይመስላል፤ በመካከሉ ጣሪያው መስተዋት የሆነ የአበባ ግቢ አለው። እርሳቸው አራተኛው ፎቅ ላይ እየኖሩ በ1903 በሩን ከፈቱ። በሦስተኛው ፎቅ ትንሽ ጸሎት ቤት አለች፤ መስኮቷ በፈረንሳይ አገር ከሷሶን ካቴድራል የመጣ፣ 800 ዓመት ያህል ያስቆጠረ ባለቀለም መስተዋት ነው።

በ1924 ሲያርፉ፣ ያስቀመጡት ዕቃ ከቦታው እንዳይነቃነቅ፣ ቢነቃነቅ ግን ሀብቱ ለሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ እንዲተላለፍ፣ በየዓመቱም በልደታቸው ቀን ኤፕሪል 14 በዚያች ጸሎት ቤት ጸሎት እንዲደረግላቸው ተናዘዙ።

በማርች 18 ቀን 1990 ሌሊት ፖሊስ መስለው የገቡ ሁለት ሰዎች 13 ዕቃዎች ዘረፉ። ከነዚህ አንዱ ሬምብራንት ክርስቶስንና ደቀ መዛሙርቱን በገሊላ ባሕር ማዕበል መካከል የሳለበት ነው። ይህን ሥዕል ሳንጨርስ በተለየነው ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በመጽሐፍ አይተነው ነበር። ስንደርስ ያገኘነው ፍሬሙን ብቻ ነው። ሥዕሉ እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ ባዶው ፍሬም ግን በቦታው ተሰቅሎ ይገኛል።

እዚያ ፊት ብዙ ሰው ቆሞ አየን። ሕዝቡ ወደ እንዲህ ያለ ቤት የሚጎርፈው ለውበቱ ብቻ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባን። የጎደለውም ጭምር ቦታው ተጠብቆለታል።

ተዝካር ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ልጅ ያልተረፈላቸው ሴት በየዓመቱ ሲታሰቡ፣ እኛስ በሰው አገር የቀበርናቸውን ወገኖቻችንን ማን ያስባቸዋል? ማኅበራችን 10ኛ ዓመቱን ሲያከብር ስማቸው በአንድ መዝገብ ተጽፎ በየዓመቱ በጉባኤያችን ፊት እንዲነበብ አሳባችንን እናቀርባለን።