ፀሐይን የፈተሸው ሐኪም

በረንዳ ላይ ተክል የሚያሳድግ ሰው አንድ ነገር ጠንቅቆ ያውቃል። አንድ ዓይነት አፈርና እኩል ውኃ ካገኙ ሁለት ተክሎች መካከል መስኮቱ ጋ ያለው ይፋፋል፤ ጥግ የተቀመጠው ግን እየመነመነ ይሄዳል። ለምን ቢባል መልሱ ቀላል ነው፤ ፀሐይ አላገኘማ! ከ250 ዓመት በፊት ግን ፀሐይ ለቅጠል ምን እንደምትሠራለት በትክክል የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ነገሩን በሙከራ ያሳየን ደግሞ ሥራው ፈንጣጣ መከተብ የሆነ ሐኪም ነው።

ያን ኢንገንሃውስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1730 በኔዘርላንድስ ብሬዳ ከተማ ተወለደ (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ሕክምና አጥንቶ በተወለደበት ከተማ ሲሠራ ቆየ። አባቱ ከሞቱ በኋላ ግን በ1765 ጓዙን ጠቅልሎ ወደ እንግሊዝ ተሻገረ።

ያኔ አውሮፓን የሚያስጨንቃት በሽታ ፈንጣጣ ነበር። ደሃ ጎጆም ቤተ መንግሥትም ይገባል፤ ገዳይ ነው፤ የተረፈውንም ፊቱን አበላሽቶ ነው የሚተወው። መከላከያው ከቀላል ሕመምተኛ ቁስል ጥቂት ወስዶ ጤነኛውን መከተብ ነበር። በእኛም አገር ይህን መሰል የቆየ ልማድ ነበር። ዘዴው ብዙውን ሰው ያድናል፤ አልፎ አልፎ ግን የተከተበውን ይገድላል። ኢንገንሃውስ ይህን ሥራ በእንግሊዝ አገር ተማረ፤ የገጠር ሰዎችን በመቶዎች ከከተቡት ሐኪሞችም አንዱ ሆነ።

ዝናው ቪየና ደረሰ። የኦስትሪያዋ እቴጌ ማሪያ ቴሬዛ ልጆቻቸውን በፈንጣጣ ቀብረዋል፤ ራሳቸውም በ1767 ታመው ከሞት አፋፍ ተመልሰዋል። በ1768 የቤተሰባቸውን ልጆች እንዲከትብ ኢንገንሃውስ ተላከላቸው። እንግዲህ አስቡት፤ ከንጉሣውያኑ ልጆች አንዱ በእጁ ቢሞት የዚህ ሐኪም ዕጣ ምን ሊሆን ነበር? ደግነቱ ክትባቱ ያዘ። እቴጌዪቱም የቤተ መንግሥት ሐኪም አድርገው የዕድሜ ልክ ደመወዝ ቆረጡለት።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ቁጭ ብሎ ኑሮውን ያጣጥም ነበር። እሱን ግን አንድ ጥያቄ እረፍት ነሳው።

ጥያቄውን የጫረው እንግሊዛዊው ጆሴፍ ፕሪስትሊ ነው። ፕሪስትሊ በ1771 ሻማ ተቃጥሎ ባለቀበት የታፈነ አየር ውስጥ የናና ዝርያ የሆነች ቅጠል አስገባ። ከቀናት በኋላ ሻማው እንደገና በራ፤ አይጧም በዚያው አየር ተነፈሰች። ተክል የተበላሸ አየር ያድሳል ማለት ነው። ችግሩ ሌሎች ሲሞክሩት አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም። ራሱ ፕሪስትሊም ሲደግመው ውጤቱ የተምታታበት ጊዜ ነበር። አንዱ ተክል አየር ሲያጠራ ሌላው ለምን ያበላሻል?

ኢንገንሃውስ በ1779 ክረምት ከለንደን ወጣ ያለ ቤት ተከራየና ሥራውን ጀመረ። ሦስት ወር በማይሞላ ጊዜ ከ500 በላይ ሙከራ አደረገ። ቅጠል ውኃ ውስጥ ነክሮ ፀሐይ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ከቅጠሉ ላይ አረፋ ሲወጣ አረፋውን ሰብስቦ ለመተንፈስ የሚበጅ መሆኑን ይፈትሻል። ከዚያ ያንኑ ቅጠል ጨለማ ውስጥ ይከተዋል፤ አረፋው ይቆማል። እንደገና ወደ ፀሐይ ሲያወጣው አረፋው ይመለሳል።

ያ ሁሉ ውዝግብ በዚህ ተፈታ። የጎደለው ነገር ብርሃን ነበር።

ሐኪሙ ግን በዚህ አልረካም። ምናልባት ሥራውን የሚሠራው የፀሐይ ሙቀት ቢሆንስ? ለየብቻ ፈተሻቸው፤ ብርሃን የሌለው ሙቀት ሥራውን እንደማይሠራ አየ። ሌላም ነገር መዘገበ። ቅጠል ሥራውን የሚጀምረው ፀሐይ ከወጣች ቆየት ብሎ ነው፤ ሰማዩ ጥርት ሲል ይበረታል፤ ወደ ማታ ይዳከማል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ያቆማል። የረጅም ሕንፃ ጥላ ወይም የሌላ ዛፍ ድቅድቅ ጥላ ያረፈበት ተክል አየር ከማጥራት ይልቅ ያበላሻል። ሥራው የቅጠልና የአረንጓዴ ግንድ ነው፤ አበባ፣ ፍሬና ሥር አይችሉበትም። ሌሊት ደግሞ ተክል ሁሉ እንደ እኛው አየር ያቆሽሻል፤ ያም ቢሆን ቀን ከሚሰጠው ጋር ሲነጻጸር በጣም ትንሽ ነው። ተክል ያለበት ክፍል ውስጥ አይተኛም የሚለውን ወሬ የሰማችሁ ልብ በሉ፤ አጠገባችሁ የተኛው ሰው ከአበባ ማስቀመጫው ይበልጥ አየሩን ይሻማችኋል።

መጽሐፉ እዚያው ለንደን በ1779 ታተመ። ጣጣውም አብሮ መጣ። ፕሪስትሊ በራሱ በኩል ብርሃን የአረፋው ምክንያት መሆኑን እያየ ስለነበር፣ የቀዳሚነቱ ነገር ለዓመታት ቅሬታ ሆኖ ቀረ። የጄኔቫው ዣን ሰነቢየ ደግሞ ቅጠል ይህን ሥራ ለመሥራት ዛሬ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የምንለውን አየር እንደሚፈልግ አሳየ። ኢንገንሃውስም በ1796 ባሳተመው ጽሑፍ ተክል ካርቦኑን የሚያገኘው ከዚሁ ከአየር መሆኑን ጻፈ። ግዙፉ ዋርካ አካሉን የሚገነባው ከአፈር ብቻ አይደለም፤ አብዛኛውን ከማይታየው አየር ነው የሚያመጣው።

ዛሬ ተማሪዎች ብርሃን አስተጻምሮ ወይም ፎቶሲንተሲስ ብለው የሚማሩት ይህንኑ ነው። ፍጥነቱን የሚወስኑት የብርሃን መጠን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ሙቀትና ውኃ ናቸው። በ1905 እንግሊዛዊው ብላክማን እንዳሳየው ደግሞ ፍጥነቱን የሚይዘው ከሁሉ ያነሰው ነው። ብርሃን ሞልቶ አየሩ ብርድ ከሆነ ሥራው ይጎተታል። ውኃ ከጠፋ ቅጠሉ እንዳይደርቅ ቀዳዳዎቹን ይዘጋል፤ ያኔ አየሩም አብሮ ይቀርበታል፤ ፀሐይዋ ብትነድ ምን ይረባል? ሙቀቱ ካለፈም ጉዳት ነው። አንዱን ብቻ እያትረፈረፉ ሌላውን መርሳት ለተክልም አይበጅም።

የሐኪሙ መጨረሻ ግን እንደ ጅማሬው አልሆነም። በ1788 ከቪየና ወጣ። የፈረንሳይ አብዮት ተከተለ፤ አውሮፓ በጦርነት ታመሰች፤ ወደ ቪየናም ሆነ እዚያ ወደተለያት ሚስቱ ሳይመለስ ቀረ። በ1799 እንግሊዝ አገር ባውድ በተባለ የመኳንንት ርስት በእንግድነት ሳለ አረፈ።

የሚገርመው እዚህ ላይ ነው። ፕሪስትሊ በ1774 በኋላ ኦክስጅን የተባለውን አየር ያገኘው በዚሁ በባውድ ቤት ነበር። ኢንገንሃውስ በሞተ ጊዜ ፕሪስትሊ ተሰድዶ አሜሪካ ይኖራል። ለዓመታት ቅር የተሰኙ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ አየሩን ባገኘበት ቤት ሌላው የመጨረሻ ትንፋሹን ተነፈሰ።

ማን ቀደመ የሚለው ክርክር ከእነሱ ጋር አብሮ ተቀበረ። ቅጠሉ ግን ዛሬም ፀሐይ ስትወጣ ሥራውን ይጀምራል። ጥግ የተቀመጠችውን ተክል ነገ ጠዋት ወደ መስኮቱ ጠጋ ስታደርጓት የብሬዳውን ሐኪም አስታውሱት።