ዳግማዊ ምኒልክና የጋሞ ገባር

የአንድ አገር የፖለቲካ ሥርዓት ከሰማይ የሚወርድ አይደለም። ገበሬው መሬቱን እንዴት እንዳለማ፣ ምርቱንም ማን እንደ ወሰደው በሚመሰክረው ታሪክ ላይ የሚታነጽ ነው። የዳግማዊ ምኒልክን ሕይወት ከጋሞ ደጋ ሆኖ ለሚመረምር ሰው ይህ እውነት ጎልቶ ይታየዋል።

ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. አንጎለላ ተወለዱ። በ1848 ዓ.ም. አባታቸው የሸዋው ንጉሥ ኃይለ መለኮት ሲሞቱ፣ በአፄ ቴዎድሮስ ተይዘው በመቅደላ አደጉ። በ1857 ዓ.ም. አምልጠው የአባታቸውን ዙፋን ያዙ፤ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተባሉ። ዘውድ የደፉትም የከብት በሽታ በሬውን በፈጀበት፣ ሕዝቡ ክፉ ቀን ብሎ በሰየመው ረሃብ መካከል ነበር። በሬ ያለቀበት ገበሬ እርሻውን እንዳይተው ሲሉ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት ቆፈሩ።

ይሁን እንጂ ግምጃ ቤቱ ለሠራዊቱ በገንዘብ ደመወዝ የሚከፍልበት አቅም አልነበረውም። በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ የአገሪቱን ነፃነት ያስከበረው ጦር ስንቁን ያገኘው ከገበሬው ጎተራ ነው። በደቡብ ደግሞ ለሠፈረው ወታደር በደመወዝ ፈንታ ገባር ተቆጠረለት።

የጋሞ ገበሬ ቁልቁለቱን በድንጋይ እርከን ደግፎ፣ በዶማ ቆፍሮ እንሰትና ገብስ የሚያመርት፣ ጉዳዩንም በዱቡሻ ተሰብስቦ በምክክር የሚፈታ ሕዝብ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ በማዕከላዊው መንግሥት ሥር ከዋለ በኋላ ግን፣ እህል ማቅረብ፣ መፍጨት፣ ቤትና አጥር መሥራት፣ ጭነት መሸከም የገባሩ ዕዳ ሆነ። ግብር ተቀባዩ ራሱ ዳኛ በሆነበት ሥርዓት አቤቱታ ሰሚ አልነበረውም። የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ቅራኔ እዚህ ላይ ነው፦ ዶማ ጨብጠው ገበሬውን ያበረታቱት መሪ፣ የባለ ዶማውን ጉልበት የሠራዊታቸው ደመወዝ አደረጉት።

በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሾመው ዘመናዊ አስተዳደር ቢጀምሩም፣ የአዲሱ መሥሪያ ቤት መሠረት አሮጌው ገባርነት ነበር። በ1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ሥርዓቱ ለተከታዮቻቸው ተላለፈ። ከ1933 ዓ.ም. ነፃነት በኋላ የገባሩ ግዴታ በገንዘብ ግብር ቢተካም የመሬት ጥያቄ አልተፈታም። በ1957 ዓ.ም. ተማሪዎች መሬት ለአራሹ እንዲሰጥ ጠይቀው አደባባይ ወጡ፤ በ1966 ዓ.ም. አብዮት ዘውዱ ወደቀ። የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ አደረገ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ አለው።

ዱቡሻ ግን ይህን ሁሉ ዘመን ተሻግሯል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. የጋሞ አባቶች በአርባ ምንጭ እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው የተቆጣውን ወጣት ከጥፋት መልሰዋል። ከዚህ የምንረዳው የመሬት ይዞታ በአዋጅ ሊለወጥ እንደሚችል ነው፤ ሥልጣን ገበሬውን ማማከር ካልተማረ ግን ገባርነት ስሙን ለውጦ ሊመለስ ይችላል።